የተወቀረ ወፍጮ

የሞተር ወፍጮ ወደዚያ መንደር ከመምጣቱ በፊት ነው። አንዲት ሴት ጥቁር የድንጋይ ወፍጮ ነበራት። ድንጋዩን አባቷ ከወንዝ ማዶ ካለ ገደል አስፈልጦ፣ በአራት ጎረምሳ አሸክሞ አሻግሮ፣ ጎጆ ስትወጣ የሰጣት ነው። ጤፍ አንዴ ካለፈበት ዱቄቱ ልሞ እንደ ጭስ ይበናል። ስለዚህ ሠርግም ቢሆን፣ ክርስትናም ቢሆን፣ ተዝካርም ቢሆን መንደሩ እህሉን ተሸክሞ እሷ ደጅ ነው የሚመጣው።

ወፍጮ ሲፈጭበት ይለሰልሳል። የለሰለሰ ወፍጮ ደግሞ እህሉን ያንሸራትታል እንጂ አይፈጭም፤ ሴትየዋ መጁን ይዛ ወገቧ እስኪንቀጠቀጥ ብትገፋ ጤፉ እንዳለ ይወርዳል። ያን ጊዜ ወቃሪ ይጠራል። በአገሩ ወፍጮ በመውቀር የታወቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ። መውቀሪያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ፤ ድንጋዩ ፊት ይንበረከኩና መጀመሪያ በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ከዚያ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያደረጉ ከላይ እስከ ታች ይወቅሩታል። ሲጨርሱ የድንጋዩ ፊት እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። ብናኙን በመጥረጊያ አራግፈው፣ “በይ እንግዲህ መጀመሪያ ትንሽ ማሽላ ፈጭተሽ ለዶሮ በትኝ፤ ጤፉን ከዚያ በኋላ” ብለው ይሄዳሉ።

ድሮ የሚጠሩት በዓመት ሁለቴ ቢበዛ ሦስቴ ነበር። የወፍጮው ስም እየገነነ ሲሄድ በየወሩ ሆነ። አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ ሠርግ በሠርግ ላይ በተደራረበበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ አስጠራቻቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ድንጋዩ መሐል ላይ አሳርፈው ቆዩ። መዳፋቸው እስከ አንጓው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል።

“ልጄ፣ ይኼ ድንጋይ እኮ አልቋል።”

“ምኑ ነው ያለቀው እማማ? ባለፈው ሲወቅሩልኝ እንደ አዲስ ነበር።”

“እንደ አዲስ የሆነልሽ ፊቱ ነው። እኔ የምስለው ጨምሬለት መሰለሽ? ቀንሼለት ነው። ጠርጌ የምደፋው ብናኝ ራሱ ድንጋዩ ነው።”

“ሠርጉ ደርሷል፤ ጤፉ ደጄ ላይ ተከምሯል። ይቺን አንዴ ብቻ።”

“ያለፈውም አንዴ ብቻ ነበር።”

ሴትየዋ አልመለሰችም። ከውጭ የሙሽራው እናት፣ “ደረሰ ወይ?” ትላለች። አሮጊቷ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ፤ ወቀሩት።

ችኮላ ነበርና ማሽላው ቀረ። ጤፉ በቀጥታ ተሰጣበት፤ ዱቄቱ ወረደ፣ ሠርጉም አማረ። ሰው ሁሉ እንጀራውን አደነቀ። ከታዳሚዎቹ አንዱ ሲጎርስ ጥርሱ ላይ ኮረት አጋጠመው። “ጤፉ በደንብ አልተነፋም” አለና ተፍቶ ቀጣዩን ጎረሰ።

ለዐቢይ ጾም ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ወፍጮው ከመሐሉ ተሰነጠቀ። መንደሩ ከልቡ አዘነ። በሳምንቱ ግን ሌላ ወፍጮ ያላት ሴት ተገኘችና እህሉ ወደዚያ ዞረ። የተሰበረው ድንጋይ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ። ሲዘንብ ጎድጓዳው ውኃ ይቋጥራል፤ ዶሮዎች ይጠጡበታል። አሮጊቷ በዚያ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ይዳብሱታል።

የዚያ ወፍጮ ነገር በሰውነታችንም አለ። በጉልበታችንና በቁርጭምጭሚታችን ውስጥ አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋጭ የሚለይ ልስልስ ሽፋን አለ፤ ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሉታል። የደም ሥርም ነርቭም የለውም። ስለዚህ ሲያልቅ ራሱ አይጮኽም፤ ካለቀም በኋላ እንደ ቁስል ሽሮ አይተካም። ዋናው ሥቃይ የሚመጣው ከሥሩ ያለው አጥንት ሲጋለጥ ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች ያበጠ ጉልበቱን ይዞ ለቅዳሜው ጨዋታ ሲፈለግ የሚወጋው የኮርቲዞን መርፌ እብጠቱን ያበርዳል፣ ሕመሙንም ያስታግሣል፤ ያለቀውን ግን አይመልስም፤ እንዲያውም ሲደጋገም የቀረውን ይበላል። የአሮጊቷ መውቀሪያ ማለት ይኼ ነው። ቶሚ ስሚዝ ጉልበቶቹን በዚህ መርፌ እየተወጋ ለሊቨርፑል ከ600 በላይ ጨዋታ ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሮማ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜም በግንባሩ ጎል አገባ። ኋላ በአካል ጉዳተኛ አበል ይኖር ነበር። በ1996 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ዕለት ዌምብሌይ ጋብዘውት ሜዳ ገብቶ አንዲት ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ ኳስ መምታት ከቻለ ምን ጉዳተኛ ነው ተብሎ አበሉ ተቋረጠበት። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ያ ኮረት የተፋ ሰውዬ ትዝ ይለኛል።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ጋብሪኤል ባቲስቱታን ነው። በ1994 ግሪክ ላይ፣ በ1998 ጃማይካ ላይ በዓለም ዋንጫ ሦስት ሦስት ጎል ያገባ፣ የፊዮሬንቲና ደጋፊዎች ገና እየተጫወተ ሳለ በቁመቱ ሐውልት ያቆሙለት አጥቂ። በ2005 ጫማውን ሰቀለ። ዛሬ አቆምኩ፣ በማግሥቱ መራመድ አቃተኝ ብሎ የተናገረው ራሱ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነቃ፤ መጸዳጃ ቤቱ ከአልጋው ሦስት ሜትር ቢርቅ ነው። ተነሥቶ ቢረግጥ ቁርጭምጭሚቱ እንደሚገድለው ስለሚያውቅ እዚያው አልጋው ላይ ሸና። በመጨረሻም ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ እግሮቼን ቁረጥልኝ ብሎ ለመነ። ሐኪሙ አብደሃል አለው። በ2019 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቁርጭምጭሚት ተተከለለት።

በ1999 ዌምብሌይ ላይ አርሴናልን የረታበትን ጎል አሁንም አልፎ አልፎ ከፍቼ አየዋለሁ። ከቀኝ በኩል፣ ጠባብ ከሆነ ማዕዘን፣ በቀኝ እግሩ ነው የመታት። ድሮ ዓይኔ ከኳሷ ጋር ወደ መረቡ ይሄድ ነበር። አሁን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ግራው ላይ፣ ሣር ውስጥ ተተክሎ መላ ሰውነቱን ተሸክሞ በሚዞረው ቁርጭምጭሚት ላይ።