«ሁሉ» ውስጥ ማን አለ?

ልጅ ሆኜ «ቤዛ ኩሉ» የሁለት ሰዎች ስም ይመስለኝ ነበር። ቤዛ የምትባል ልጅ ክፍላችን ውስጥ ስለነበረች እሷ አላስቸገረችኝም። ኩሉ ማን እንደሆነ ነው የጠፋኝ። እናቴን ስጠይቃት እየሳቀች «ኩሉ ማለት እኮ በግዕዝ ሁሉ ማለት ነው። የሁሉ ቤዛ» አለችኝ። ያኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ያደግሁት ሐረር፣ አቦከር ነው። የገና ዋዜማ ማታ ነጠላችንን ተከናንበን፣ በጠባቦቹ የጀጎል መንገዶች አቋርጠን ፈረስ መጋላ ወዳለው መድኃኔ ዓለም እንሄድ ነበር። አንድ ዓመት ታናሽ እህቴ ትኩሳት ያዛትና እናቴ ልትቀር ሆነ። ጎረቤታችን፣ እኛ «እማማ» የምንላቸው ሐረሪ ሙስሊም እናት፣ ነገሩን ሰምተው መጡ። «ሂጂ ልጄ፣ በዓልሽ ነው። እሷ እኔ ጋ ትደር» አሏት።

ሌሊት ስንመለስ እህቴ ላብ አጥምቋት፣ ትኩሳቱ ለቋት ተኝታለች። እማማ ሆጃ በወተት አፍልተው እየጠበቁን ነበር። ጾመ ነቢያትን 43 ቀን ከኛ ጋር ሲቆጥሩ ከርመዋል፤ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ እኛ ፊት ወተት አያነሱም ነበር። የዚያን ዓመት ጾማችንን የፈታነው በሳቸው ወተት ነው። የዶሮውን ወጥ እሳቸው አይበሉም፤ እናቴ ከነነፍሷ አንድ ዶሮ ትልክላቸውና በራሳቸው ሥርዓት አሳርደው ይሠሩታል። ማንም ለማንም ማብራሪያ አልሰጠም።

ካደግሁ በኋላ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር አሸነፈ፣ ሐረርም ተያዘች። ፈረስ መጋላ ላይ መስጊድ በነበረበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ስሙ መድኃኔ ዓለም፣ የዓለም መድኃኒት ማለት ነው። እኔ በልጅነቴ «የሁሉ ቤዛ» እየተባለ ሲዘመር የሰማሁት እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነው። ይሄን ካወቅሁ በኋላ መዝሙሩ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። የእማማ ቅድመ አያቶች የሰገዱበት ቦታ ላይ ቆሜ «ሁሉ» ስል እሳቸውን ከነማንነታቸው ማለቴ ነው? ወይስ «ሁሉም የኛ ነው» እያልኩ ነው?

አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራለሁ። አንድ ዓመት የምሠራበት ድርጅት ለገና የሥጋ ቤት ኩፖን ሊሰጥ አሰበ፤ ኩፖኑን በስልክ የሚልከውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተቀባዩ ጋ «ሁሉም ሠራተኛ» ብዬ ላክሁት። በነጋታው ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ መልእክቱን አሳየችኝና «ሁሉም ስትል እኔን አስበኸኝ ነበር?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ስቃ ነው የጠየቀችኝ። በቃ፣ ያ ሳቅ ነው ያሳፈረኝ። በኮዱ ውስጥ ስሟ አለ። እኔ ግን አላሰብኳትም ነበር።

የዚያን ቀን ነው ከመዝሙሩ ስም ግማሹን ዘልዬው እንደኖርኩ የገባኝ። «ኩሉ» ላይ ስጨነቅ «ቤዛ»ን ረስቼዋለሁ። ቤዛ ማለት በሌላው ፈንታ ራሱን የሚሰጥ፣ የሌላውን ዕዳ የሚከፍል ነው። አሸናፊም «ሁሉ» ይላል፤ ግን ሌላውን እያስከፈለ ነው። መዝሙሩ የሚያመሰግነው በግርግም የተወለደውን፣ ራሱ የሚከፍለውን ነው። እንግዲህ «ሁሉ» የሚለው ቃል ለዘማሪው ሥልጣን አይሰጠውም፤ ዕዳ ነው የሚያሸክመው። «ሁሉ» ካልኩ፣ ለዚያ ሰው ምን ከፈልኩ? እንቅልፌን? ወተቴን? ቢያንስ አንድ ጥያቄ የመጠየቂያ ጊዜዬን?

ላሊበላ በገና ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ ዓለቱ አፋፍ ላይ፣ ገሚሱ ታች ግቢው ውስጥ ይቆማል። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይባላል። እየተቀባበሉ ነው የሚዘምሩት፤ አንዱ ወገን ዝም ብሎ ካልሰማ መዝሙሩ አይሄድም። እኔ ለረጅም ጊዜ ከላይ ብቻ ሆኜ ስዘምር ነበር መሰለኝ።

ይሄ የ1879ን ታሪክ አያስተካክልም። የእማማ ሆጃም የታሪክ ይቅርታ ማስረጃ ተደርጎ እንዲቆጠርብኝ አልፈልግም፤ እሳቸው የታመመች ልጅ ነው ያዩት። ግን ያን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስለ ቤዛ ሲዘመር ከሰማሁት ይልቅ፣ ቤት ተመልሼ ያየሁት ቃሉን አስረድቶኛል። ያስረዱኝ ደግሞ መዝሙሩን የማይዘምሩ ሰው ናቸው።

ኩፖኑን በሚቀጥለው ዓመት ቀየርነው። ከመላኩ በፊት ሠራተኛው የሚፈልገውን ይጠየቃል። ትንሽ ነገር ናት፤ ሁለት መስመር ኮድ።

ባለፈው ኅዳር እማማ ጋ ደወልኩ። ድምፃቸው ደክሟል። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቁኝ፣ «ልጄ፣ ጾሙ ገባ አይደል? ስንተኛ ቀናችሁ ነው?» ብለው ነው።

እኔ አልቆጠርኩም ነበር።