የስደተኛው በገና



ወደ ባቢሎን የተጋዙት መዘምራን በገናቸውን ይዘው ወረዱ፤ ማራኪዎቻቸው በፌዝ መዝሙር በጠየቋቸው ጊዜ ግን በዛፍ ላይ ሰቀሉት (መዝ. 136)። ካታሎናዊው ሙዚቀኛ ፓብሎ ካሳልስም እ.ኤ.አ. በ1939 ከስፔን ተሰድዶ በፈረንሳይ አገር በፕራድ ከተማ ሲጠለል፣ ቼሎ የተባለው ባለ አውታር መሣሪያው አልተለየውም። በእርሱም አእዋፍ የጌታን ልደት ሲያወድሱ የሚነገርበትን የአገሩን የገና መዝሙር ለባዕዳን አሰማ።

ስደተኛ ቤቱንና እርሻውን ቢያጣም ከአባቶቹ የተቀበለው ጸሎትና መዝሙር አብሮት ይጓዛል። እንግዲህ ወደ ቁምስናችን የተጠጉትን ተፈናቃዮች እንጀራ ሰጥተን ብቻ አናሰናብታቸው፤ በቋንቋቸው እንዲዘምሩልን፣ መዝሙራቸውንም ለልጆቻችን እንዲያስተምሩ እንለምናቸው። ማራኪ በፌዝ የጠየቀውን እኛ በፍቅር ስንጠይቅ የተሰቀለው በገና ከዛፉ ይወርዳል።

በግብፅ የተሰደደው ሕፃኑ ኢየሱስ ይርዳን። አሜን።