ፍጥረትን መመልከትና ፍጥረትን መንጠቅ



ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በገጠሩ አገራችን አንድ አዲስ ዓይነት መንገደኛ መታየት ጀምሯል። በትከሻው ጠመንጃ አላነገተም፤ በእጁም ወጥመድ አልያዘም። ያነገተው ፎቶግራፍ ማንሻ መሣሪያ ነው፤ እርሱን ያጣ እንደ ሆነም ስልኩን ይዟል። የሚፈልገው ወፉን፣ ጭላዳውን፣ ድኩላውንና ቀበሮውን ነው። ይህም መንገደኛ ሁልጊዜ ከከተማ የመጣ አይደለም። የገበሬው ልጅ ከብት እየጠበቀ በማሳው ዳር የምትሮጠውን ቆቅ ያነሣል፤ ዲያቆኑም ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ጥድ ላይ ያረፈውን ጉጉት ያነሣል።

ስለዚህ ነገር ከካህናት ወንድሞቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት አሳብ ሰምተናል። አንዳንዶቹ ሥራ ፈትነት ነው፤ አራዊትን ሲከተሉ መዋል ለነፍስ ምን ይረባል? ይላሉ። ሌሎቹም አይገድል፣ አይሰርቅ፤ ዐይኑ አይቶ ቢደሰት ምን ኃጢአት አለበት? ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱም ነገሩን ከላይ ከላይ የነኩት ይመስለናል። የመጀመሪያዎቹ ማየትን አቃለሉ፤ ሁለተኞቹም ማየት ማንንም አይጎዳም ብለው አመኑ። ይህን የኋለኛውን እኛም እናምን ነበር፤ እንዴት እንደ ተሳሳትን ወደ ፊት እንናገራለን።

አስቀድመን ግን ፍጥረትን መመልከት ሥራ ፈትነት አለመሆኑን እናስረዳ። ጌታችን በተራራው ላይ ሲያስተምር ስለ ምግብና ስለ ልብስ የሚጨነቁትን ሰዎች ወደ ሰማይ ወፎችና ወደ ሜዳ አበቦች ልብ ብለው እንዲመለከቱ አዟቸዋል። ይህ ትእዛዝ ነው እንጂ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ከዚያም በፊት ጻድቁ ኢዮብ ስለ ደረሰበት መከራ ከፈጣሪው ጋራ በተሟገተ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ ሲመልስለት ስለ ቍስሉና ስለ ሞቱት ልጆቹ ምክንያት አልሰጠውም፤ የጠየቀው ስለ አንበሳ፣ ስለ ቁራ ጫጩቶች፣ በዐለት ላይ ስለምትወልደው የዱር ፍየል፣ ስለ ሰጎንና ስለ ንስር ነው። ልቡ ለተሰበረ ሰው የአራዊትን ነገር መልስ አድርጎ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለምን? ዳሩ ግን ኢዮብ የተጽናናው በዚሁ ነው። ዓለሙ በእርሱ ሐዘን ዙሪያ ብቻ የቆመ አለመሆኑን አየና ዝም አለ።

አበውም ፊሳልጎስ የተባለውን የእንስሳትና የአራዊት መጽሐፍ ከጽርእ ወደ ግእዝ የመለሱት በጥንት ዘመን ነው። ከያንዳንዱ ፍጥረት ጠባይ ለነፍስ የሚጠቅም ምሳሌ የሚያወጣ መጽሐፍ ነውና ለሊቃውንቱ የተወደደ ሆኖ ኖሯል። እርግጥ ነው፣ በውስጡ ስለ አንዳንድ ወፍ የተጻፈው ነገር ወፏን ተቀምጦ ያየ ሰው ከሚያገኘው ጋራ አይስማማም። ይህም ምሳሌውን አያፈርሰውም፤ ትምህርቱ ለሰው ነውና። ነገር ግን ስለ ምሳሌው ስንል ወፏን ራስዋን ማየት ከተውን፣ ከፈጣሪ እጅ የወጣውን ትተን ከእኛ አሳብ የወጣውን ብቻ እናነባለን።

ተቀምጦ ማየት ምን ያህል እንደሚያስተምር በመንዝ ጓሳ የታየውን እንውሰድ። ጓሳ የሣሩ ስም ነው፤ ከሣሩ የተነሣ ቦታውም ጓሳ ተባለ። የመንዝ ሰዎች ይህን ሣር ቄሮ በተባለው ሥርዓታቸው ለተከታታይ ዓመታት እየዘጉ፣ በጊዜውም እየከፈቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ በኋላ በሌላ መልክ ጥበቃውን ቀጥሏል። በዚያ ደጋ ላይ ጭላዳው በመንጋ ሆኖ ሣር ሲግጥ ይውላል። ከአገራችን በቀር በሌላ አገር የማይገኘውና ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮም በዚያው አይጥ ያድናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እንዳስረዳው፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶው ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ጭላዳው ውሻ ሲያይ ይሸሻል፤ ከቀበሮው ግን አይሸሽም። ቀበሮውም በመንጋው መካከል ሲሄድ እርምጃውን ያዘገያል፤ ግልገል ጭላዳ በአጠገቡ እያለ አይነካውም። ሁለቱ ፍጥረታት በመካከላቸው የጸና ቃል ኪዳን ያላቸው ይመስላሉ። ይህን ያወቁት ሰዎች በብርዱና በጉሙ ውስጥ ብዙ ቀን የተቀመጡ፣ መንጋውም እንግድነታቸውን እስኪረሳ ድረስ የታገሡ ናቸው።

እንደዚሁም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 በባሌ ተራሮች ይኸው ቀበሮ በረዥም ዘንግ ላይ የሚያብበውን ቀይና ቢጫ የደጋ አበባ እየዞረ ማሩን ሲልስ መታየቱ ተጽፏል። አንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ የጎበኘበት ጊዜ አለ፤ አፍንጫውም በአበባው ብናኝ ስለሚሸፈን ምናልባት እንደ ንብ የአበባውን ዘር ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳል ተብሎ ታስቧል። ሥጋ በል አውሬ ማር ሲልስ! ከተመራማሪዎቹም አንዱ የዚህን አበባ ጣፋጭነት በመጀመሪያ ያወቀው የእረኞች ልጆች ሲልሱት አይቶ እንደ ሆነ ተናግሯል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምቱ መውጫ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ሥነ ፍጥረት የምናስተምርበትን ሥዕል ለመሰብሰብ ሦስት ሆነን በሰሜን ሸዋ ደጋ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር ደብር ሄድን። አሳባችን መልካም እንደ ነበረ አንባቢ ያስተውልልን። በቅጽሩ ውስጥ ከአንድ ወይራ ላይ፣ ቁመታችን በሚደርስበት ቅርንጫፍ፣ አንዲት ዋኖስ በሁለት ነጫጭ እንቁላሎች ላይ ተቀምጣ አገኘን። ድሀ ለመሥዋዕት የሚያቀርባት፣ እመቤታችንም በመንጻትዋ ቀን ያቀረበቻት ያች ዋኖስ ናትና ለልጆቹ ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከየት ይገኛል ብለን ደስ አለን። ነገር ግን ቅጠል የበዛበት አንድ ቀንበጥ ከፊትዋ ተንጠልጥሎ ጥላውን ጣለባት። በመጀመሪያ አንዳችን ቀንበጡን በእጁ ወደ ጎን ያዘ፤ እጁ ደከመ። ቀጥሎም ቀንበጡ ተቆረጠ። ማናችን እንደ ቆረጥነው መናገር አያስፈልግም፤ ሦስታችንም ነበርንበትና። ዋኖሲቱ በርራ ሄደች፤ እኛም ከቅጽሩ ግንብ ሥር ተሸሽገን ቆየን። ተመልሳ ተቀመጠች። የጠዋቱ ፀሐይ በአንገትዋ ላይ አረፈ፤ ያማረ ፎቶግራፍ አነሣን፤ እግዚአብሔርንም አመስግነን ሄድን።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ስንመለስ ጎጆው ባዶ ነበር። ከወይራው ሥር የእንቁላል ቅርፊት ወድቋል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት የአገራችን ቁራ በደወሉ ቤት ጣራ ላይ ተቀምጦ ይጮኽ ነበር። ሲወስድ አላየነውም፤ ያላየነውንም በእርሱ ላይ አንመሰክርም። ቅጽሩን የሚጠርጉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ግን ከኋላችን መጥተው ቅርፊቱን አነሡና «ልጆቼ፣ ቅጠሉ ልብስዋ ነበር፤ ትላንት ገልጣችኋት ሄዳችሁ» አሉን። «እማሆይ፣ እኛ ያየናት ብቻ መስሎን ነበር» አልናቸው። «ማየቱንስ እኔም በየቀኑ አያት ነበር» ብለው መጥረጊያቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ማየት ከእማሆይ ማየት በምን እንደሚለይ ስናወጣና ስናወርድ ቆየን። እርሳቸው በየቀኑ በወይራው ሥር ያልፋሉ፤ ወፏም አትነሣም። በእርሳቸው ማየት ውስጥ ወፏ የጎደለባት ነገር የለም። እኛ ግን ያየነውን ይዘን መሄድ ፈለግን፤ ይዘን ለመሄድም ብርሃኑ እንደ ፈቃዳችን ይሆን ዘንድ ቀንበጡን አስወገድን። የነጠቅነው እንቁላሉን ሳይሆን ሽሽግዋን ነው፤ ሽሽግ የሌለው እንቁላል ግን ከተነጠቀ ይቆጠራል። ቁራውም ቢሆን ጫጩቶቹ ወደ እግዚአብሔር ሲጮኹ ምግባቸውን የሚያገኙ ፍጥረት ነው፤ ቢበላ እንደ ሥርዓቱ በላ። በሩን የከፈትነው እኛ ነን።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ስለ ወፍ ጎጆ የተሰጠች አንዲት ትንሽ ሕግ አለች። ሰው በመንገድ ሲሄድ እናቲቱ በእንቁላልዋ ወይም በጫጩቶችዋ ላይ ተቀምጣ ቢያገኝ እናቲቱን ከልጆችዋ ጋራ እንዳይወስድ፣ እርስዋን እንዲለቅ ታዝዛለች። አስተውሉ፤ ይህች ሕግ የምትናገረው ለሚበላው ለሚፈልግ ሰው ነው። ረኀብ እንኳ በጎጆው ፊት ወሰን ተደርጎለታል። እኛ ግን አልራበንም ነበር።

አንባቢ ምናልባት እግዚአብሔር ሰውን በፍጥረት ሁሉ ላይ አሠልጥኖት የለምን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አዎን፣ አሠልጥኖታል። ነገር ግን አዳም በዚያ ሥልጣኑ የሠራውን የመጀመሪያ ሥራ እንመልከት። አራዊትን በስማቸው ጠራ። ይህን ሲያደርግ ግን አልተከተላቸውም፤ ከጎሬአቸው አላወጣቸውም፤ እግዚአብሔር ወደ እርሱ አመጣቸው እንጂ። የመጡለትን ተቀብሎ ያየ ሰው ነው ስም ለማውጣት የበቃው። ደግሞም ወደ ኢዮብ መጽሐፍ ብንመለስ፣ እግዚአብሔር ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ላይ ዝናም እንደሚያዘንብ እናነባለን። ማንም የማያርሰው፣ ማንም የማያየው ምድር ይረሰርሳል፤ ሣሩም ይበቅላል። ዋኖሲቱ ማንም ፎቶግራፍ ባያነሣት፣ እማሆይም እንኳ ባያዩዋት፣ የሚያያት ነበራት። ይህን ያወቀ ሰው መሣሪያውን ይዞ ወደ ዱር ሲገባ፣ ባለቤቱ በቤቱ እያለ ወደ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ ይሆናል፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቤቶች ይላል፤ ግቡ ካልተባለም ይመለሳል።

ዛሬ ግን ደጅ ሳይጠኑ የሚገቡበት መንገድ በዝቷል። የወንድ ወፍን ድምፅ በስልክ እያሰሙ ሌላውን ወንድ የሚጠሩ አሉ፤ ያ ምስኪን ጠላት ወሰኔን ገፋ ብሎ መብሉን ትቶ ይመጣል፤ ከጥላ ጋራ ሲዋጋ ቀኑን ይጨርሳል። ለጭላዳ ዳቦ እየወረወሩ የሚያነሡ አሉ፤ ይህ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ ወደ ገበሬው ጎተራ በሄደ ጊዜ በድንጋይ የሚመታው እርሱ ነው። ጎጆ ያለበትን ቦታ ለሁሉ የሚያሳውቁም አሉ፤ አንድ ሰው ያየውን ጎጆ ከዚያ በኋላ መቶ ሰው ይረግጠዋል። የደብር አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። በቅጽራችሁ ውስጥ ያለውን ወፍ ሊያነሣ የመጣውን እንግዳ ጫማውን አውልቆ እንዲገባ እንደምትነግሩት ሁሉ፣ በመራቢያቸው ወራት ወደ ጎጆ እንዳይቀርብ ብትነግሩት ማንም አይቀየማችሁም።

ይህን ስንል ግን ሥዕሉን ሁሉ ማውገዛችን አይደለም። ስኮትላንዳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኪራን ዶድስ የጎንደርንና የጎጃምን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከሰማይ ላይ አንሥቷቸዋል። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ቡናማ በሆነ ምድር መካከል አንድ ክብ አረንጓዴ ይታያል፤ በአረንጓዴውም መካከል የመቅደሱ ጣራ አለ። በዚያ ጥላ ሥር ያደግነው እኛ ደናችን ይህን ያህል ትንሽ ደሴት መሆኑን ከመሬት ሆነን አናውቅም ነበር። የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቱ ማርጋሬት ሎውማንም ለካህናት የየደብራቸውን ደን ከሰማይ የታየበትን ሥዕል ባሳዩ ጊዜ ደኑ እየጠበበ መሄዱ ለሁሉ ግልጽ ሆነ፤ ከዚያም ከማሳው የተለቀመው ድንጋይ በየደኑ ዙሪያ ካብ ሆኖ ከብት እንዳይገባ ተደረገ። በዚህ ሥዕል የተነካ ቀንበጥ የለም፤ ሥዕሉም ተመልሶ ለታየው ደን ልብስ ሆነው።

የእኛ ፎቶግራፍ ግን እስከ ዛሬ በእጃችን አለ። ከሦስታችን አንዱ ይጥፋ ይላል፤ ሌላው መታሰቢያ ይሁነን ይላል፤ ሦስተኛው እስካሁን አልቈረጠም። ያዩት ሁሉ ያመሰግኑታል፤ ለዚህ መጽሔት ሽፋን ይሁን ብለው የጠየቁንም ነበሩ። ባለፈው ዓመት ወደዚያች ደብር በሄድን ጊዜ ለእማሆይ አሳየናቸው። ዐይናቸው ደክሞ ስለ ነበር ወደ ፊታቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። «አምራለች» አሉ። ቀጥለውም «ይህን ጊዜ እንቁላሎቹ ከሥርዋ ነበሩ?» ብለው ጠየቁን። «ነበሩ፣ እማሆይ» አልን። መልሰው ሰጡን፤ ሌላ ነገርም አልተናገሩም።

ይህ ጽሑፍ ያለ ሥዕል የወጣው ስለዚህ ነው።