ዕዳው የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከእሑድ ትምህርታችን በኋላ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። ክርክሩ የነገረ ሃይማኖት ጥያቄ አልነበረም፤ ስለ ክሬዲት ካርድ ነበር። ስለ ጾም፥ ስለ ጸሎትና ስለ ንስሐ በዚህ ገጽ ብዙ ጽፈናል። በየኪሳችን ስላለችው ስለዚያች ትንሽ ካርድ ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም፤ ምናልባት የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አድርገን ስላልቈጠርናት ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዲት እኅታችን፥ እንደ አብዛኞቻችን እዚህ አሜሪካ ያደገች፥ በየማታው እየሠራች ዩኒቨርሲቲ የምትማር፥ 2000 ዶላር የሚያህል የካርድ ዕዳ እንዳለባትና ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትናገር እንደ ኖረች ገለጸችልን። ከዕዳው 1100 ዶላሩ አያቷ ጐንደር ላይ ባረፉ ጊዜ እናቷ ለቀብር እንዲደርሱ የተቈረጠ የአውሮፕላን ቲኬት ነው። እናቷ ልጃቸው ካጠራቀመችው የከፈለችላቸው መስሏቸው ሲመርቋት ኖረዋል። የቀረው ጫማ ነው፥ ምግብ ቤት ነው፥ 180 ዶላር የወጣበት የሚዜ ልብስ ነው። (ይህን የምንጽፈው ለእናቷ ከነገረቻቸው በኋላ፥ እርስዋም አንብባ ከፈቀደች በኋላ ነው።)

ወዲያው ለሁለት ተከፈልን። አንዱ ወገን «ካርዱን የሳበችው ራስዋ ናት፥ ማንም አላስገደዳትም፤ ትክፈል» አለ። ሌላው ወገን «በዓመት 22 በመቶ የሚያስከፍል ባንክ አራጣ አበዳሪ ነው፤ ለአራጣ አበዳሪ መክፈል ኃጢአትን መቀለብ ነው» አለ። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ተጠቀሰ፥ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። እርስዋ በመካከላችን ተቀምጣ ነበር፤ ስለ እርስዋ ያን ያህል ስንከራከር እርስዋን አንድ ነገር የጠየቃት ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ የሂሳብ መግለጫዋን ይዛ መጣችና አብረን አነበብነው። ባንኩ በየወሩ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክፍያ፥ ማለት «ሚኒመም» የምንለው፥ የወሩ ወለድና ከዋናው ዕዳ አንድ በመቶ ነው። የ2000 ዶላር የአንድ ወር ወለድ በ22 በመቶ ሲታሰብ ወደ 37 ዶላር ይመጣል፤ ከዋናው የሚቀነሰው 20 ዶላር ብቻ ነው። 57 ዶላር ከፍላ ዕዳዋን በ20 ታቃልላለች ማለት ነው። አንድ የሂሳብ ተማሪ ወንድማችን እርሳስ አንሥቶ ቀጠለበት። ከዛሬ ጀምሮ በካርዱ ምንም ሳትገዛ ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍል ከ5 ዓመት ከ9 ወር በኋላ ገና 1000 ዶላር ይቀርባታል፤ እስከዚያ ድረስ ለወለድ ብቻ ከ1800 ዶላር በላይ ትገብራለች። በየወሩ 100 ዶላር ብትከፍል ግን ዕዳው በ26 ወር ያልቃል፥ ወለዱም 500 ዶላር አካባቢ ነው። ዝቅተኛውን ብቻ ለሚከፍል ሰው ዕዳው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እዚያው መግለጫው ላይ በአንዲት ሣጥን ውስጥ ታትሟል፤ በ2009 የወጣው ሕግ ባንኮች እንዲያትሙት ያስገድዳል። እርስዋ ያችን ሣጥን አንብባት አታውቅም። ከእኛስ ያነበባት ማነው ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት እጅ ብቻ ወጣ።

እንግዲህ «ማንም አላስገደዳትም» ለሚለው ወገን ካርዱ እንዴት እንደ ተስፋፋ ማወቅ ይጠቅመዋል። በ1958 (ዓመታቱ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ በፍሬዝኖ ከተማ ለሚኖሩ 60000 ለሚያህሉ ሰዎች ካርድ ሳይጠይቁት በፖስታ ላከላቸው። ያልተጠየቀ ካርድ መላክ በሕግ የተከለከለው በ1970 ነው። በዚያን ዘመን የወለድ ጣሪያ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሕግ የተወሰነ ነበር። በ1978 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ አንድ ብሔራዊ ባንክ የተቋቋመበትን ክፍለ ግዛት ወለድ በሌላ ክፍለ ግዛት ለሚኖር ደንበኛም ማስከፈል ይችላል ብሎ ፈረደ። ሳውዝ ዳኮታ በ1980 ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክም የካርድ ሥራውን ወደዚያ አዛወረ። ደላዌር በ1981 ተከተለች። እኛ ሜሪላንድ ተቀምጠን የምንከፍለው ወለድ እግራችን ረግጦት በማያውቅ አገር ሕግ የሚተዳደረው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2023 የመላው አሜሪካ የካርድ ዕዳ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፥ አማካይ ወለዱም ከ20 በመቶ አለፈ። ይህ ሁሉ የአንዲት ተማሪ ስንፍና ያመጣው አይደለም።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 የተጻፈውን ታሪክ እናስታውስ። ረኀብና የንጉሥ ግብር የጠናባቸው ድሆች እርሻቸውንና ወይናቸውን አስይዘው ተበድረው፥ ልጆቻቸው ለባርነት ሲሰጡ ወደ ነህምያ ጮኹ። እርሱም ተቈጣ፤ ባለጠጎቹን በጉባኤ ፊት ወቀሰ፥ መሬቱንና የወሰዱትን መቶኛ እጅ እንዲመልሱ አስማላቸው። ይህን መቶኛ እጅ ብዙ ተርጓሚዎች በየወሩ የሚከፈል ነበር ይሉታል። እንዲያ ከሆነ በዓመት 12 በመቶ ነው። ነህምያ ልብሱን ያራገፈው በ12 በመቶ ነው!

ነገር ግን ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የነካን ሌላ ነገር ነው። ነህምያ ወቀሳውን ሲናገር ራሱን ከወቀሳው አላወጣም፤ እርሱና ወንድሞቹ፥ ብላቴኖቹም ጭምር፥ ለሕዝቡ ገንዘብና እህል ማበደራቸውን በሁሉ ፊት አነሣ። እኛስ? ከመካከላችን በየወሩ ሙሉውን ከፍለን ወለድ የማይነካን፥ በዚህም የምንመካ አለን። ነጥብ እናጠራቅማለን፤ በነጥቡም በቅናሽ አዲስ አበባ ደርሰን የተመለስን አለን፥ ደስም ብሎን ተናግረናል። ያ ነጥብ ከሰማይ አይወርድም። ነጋዴው በካርድ ከሸጠው ከ100 ዶላር 2 ዶላር ገደማ ይከፍላል፥ ያንንም በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፤ ካርድ ማግኘት ያልቻለው ሰው በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ ጭማሪውን አብሮ ይከፍላል። የቦስተን ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ ባለሙያዎች በ2010 ባወጡት ጥናት በዚህ መንገድ ገንዘብ ከድሀው ቤት ወደ ባለጠጋው ቤት እንደሚሻገር አሳይተዋል። ከእኅታችን ወለድም ለእኛ ጕዞ የተረፈ ነገር የለም ብለን መማል አንችልም። «ትክፈል» ያልነው እኛ እንግዲህ ከገበታው ስንበላ የነበርን ነን።

የሚዜው ልብስስ? ለማን ሰርግ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ቀለሙን የመረጥነው እኛ ነን፤ «የሌላት እንዳትገዛ» ያለ አልነበረም። እርስዋም ይሉኝታ ይዟት ዝም ብላ ገዛች። እዚህ አገር ባደግነው ልጆች ዘንድ ይሉኝታ የጠፋ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ አልጠፋም፥ ካርድ አውጥቷል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንመለስ። አበዳሪው በድሏልና አይከፈለው ማለት ለጆሮ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ የአበዳሪው ኃጢአት የተበዳሪውን ፊርማ አይፍቀውም። በመዝሙር 36 ተበድሮ የማይመልስ ሰው ከኃጥኣን ጋር ተቈጥሯል። (ጨርሶ መክፈል ላልቻለ ሰው የአገሩ ሕግ ከዕዳ የሚፈታበት የኪሣራ መንገድ አለው፤ በዘዳግም 15 የምሕረት ዓመት እንደ ታዘዘ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ሠርቶ መክፈል የሚችል ግን ሌላ ነው።)

በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በመዝሙር 14 ላይ ባስተማረው ስብከት አበዳሪዎችን አጥብቆ ይገሥጻል። አበዳሪው በመጀመሪያ ምንም የለኝም ብሎ ይምላል፤ ወለድ የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን ፊቱ ይፈታል፥ የአባትና የአያት ወዳጅነት ትዝ ይለዋል ይላል። በየሳምንቱ በፖስታ የሚመጣልንን «እንኳን ደስ ያለዎት፥ ተመርጠዋል» የሚል ደብዳቤ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ትርጓሜ አያሻውም። ነገር ግን ባስልዮስ በዚያ አላቆመም፤ ረጅም ቃል ለተበዳሪው ይናገራል። ያለህን ዕቃ ሽጥ፥ ልብስህንም ሽጥ፥ ነፃነትህን ግን አትሽጥ ሲል ይመክረዋል። ወለድንም በላይ በላዩ እንደምትወልድ ጥንቸል ይመስለዋል። የተጨቈነውን ሰው እያዘነለት ደግሞ ይቈጣዋል፤ ኀላፊነት እንደሌለበት ሕፃን አይቈጥረውም። እኛ በዚያ እሑድ ማድረግ ያቃተን ይህን ነው፦ አንዳችን ቍጣውን ብቻ፥ አንዳችን ኀዘኑን ብቻ ያዝን።

በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 አበዳሪ ሁለት ልጆቿን ሊወስድባት የመጣባት መበለት ወደ ኤልሳዕ ትጮኻለች። ኤልሳዕ ባልሽ ለምን ተበደረ አላላትም፤ አትክፈዪው፥ ጨካኝ ነው አላላትም። በቤትሽ ምን አለሽ ብሎ ጠየቃት። አንድ ማሰሮ ዘይት ነበራት። ከዚያ ከጎረቤቶችዋ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ ላካት፥ ጥቂትም እንዳይሆን አዘዛት። ዘይቱ የፈሰሰው ማድጋው እስኪያልቅ ነው። ሽጣ ዕዳዋን ከፈለች፥ በተረፈውም ከልጆችዋ ጋር ኖረች። ተአምራቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ማድጋው ግን የጎረቤት ነበር። እነዚያ ጎረቤቶች ማድጋ ሲያውሷት «ምን ገዝተሽ ነው ዕዳ የገባሽው» ብለው ጠይቀዋት ይሆን? መጽሐፉ አልነገረንም።

ይህን ካነበብን በኋላ እኛም «በቤትሽ ምን አለሽ» ብለን ጠየቅናት። ያላት የማታ ሥራዋ ነው፤ በወር 100 ዶላር መክፈል እንደምትችል አስባ ነገረችን። ከመካከላችን አንዷ አብራት ተቀምጣ ባንኩ ዘንድ ተደወለ። አንድ ሰዓት ያህል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፏቸው ከቈዩ በኋላ ካርዱን ዘግተው ወለዱን ለአንድ ዓመት ወደ 9 በመቶ ዝቅ አደረጉላት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተብሎ መጠየቅ እንደሚቻል አልሰማችም ነበር፤ እፍረት ስልክ አያስነሣም።

ማድጋውስ? ወላጆቻችን ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት አንድ ነገር አለ፤ ዕቁብ። በዕቁብ መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ሰው በእውነቱ ለሌሎቹ ሁሉ ባለዕዳ ነው፤ ወለድ ግን የለበትም፥ በወለድ ፈንታ ዋስ ይጠራል። 12 ሆነን በየወሩ 50 ዶላር የምንጥልበት ዕቁብ ጀመርን፤ የመጀመሪያውን 600 ዶላር ዕጣ ሳናወጣ ለእርስዋ ሰጠን። ዕዳዋ ያን ቀን ወደ 1400 ወረደ። 50ውን ከሌሎቻችን ጋር በየወሩ ትጥላለች፤ የቀረውን 50 ለባንኩ ትከፍላለች። ስጦታ ቢሆንላት የሚሻል የመሰላቸው ነበሩ። እርስዋ ግን እንቢ አለች፤ «የገዛሁት እኔ ነኝ» አለች።

ዋስ ማን ይሁን ሲባል ጥቂት ዝም ተባለ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 29 ዋስነት ብዙዎችን እንዳጠፋ ይናገራል፤ እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ እንደሚሆን ይመሰክራል። የተነሣው ያን እሑድ «ትክፈል» ብሎ ከሁላችን በላይ ድምፁን ከፍ ያደረገው ወንድማችን ነው። በሦስተኛው ወር የፈተና ሰሞን ሆኖባት የሥራ ሰዓቷ ስለ ቀነሰ 50ው በጊዜው አልደረሰም። ሰብሳቢው ሊጠይቃት ሲል ዋሱ አስቀድሞ ከፍሎ ነበር። እርስዋም በሳምንቱ አምጥታ በእጁ ሰጠችው፤ እርሱም ቈጥሮ ተቀበላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።