ሲያቆም ምን ሆነ?

ልጆቼ፣ የሯጭ ስም በተነሣ ቁጥር የምትጠይቁት "ስንተኛ ወጣ? በስንት ገባ?" ብላችሁ ነው። ጥያቄው ደግ ነው፤ ግን የሰውየውን ዕድሜ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላውን ነው፦ ሲያቆም ምን ሆነ? መንግሥት መምህሩን በ60 ዓመቱ ጡረታ ያወጣዋል፤ እኔንም አውጥቶኛል። ስፖርተኛን የሚያሰናብተው ግን ጉልበቱ ነው፤ ያውም በ30ና በ35 ዓመቱ፣ ልጆቹ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ። ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ አምጥቷል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አምጥቷል። ማሞ ግን አንድ ነው።

ይህን የምለው የእንጅባራ ልጆች በዝታችሁ ስትሮጡ ስለማይ ነው። ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ከኮፍያችሁ እንፋሎት እየወጣ፣ በዳንግላ መንገድ ዳር ዳር ባጃጅ እየሸሻችሁ ትሮጣላችሁ። (እግረ መንገዴን፦ ይህን ሁሉ ሜዳና ጫካ ትታችሁ በየቀኑ አስፋልት የምትቀጠቅጡት ለምንድን ነው? ጉልበት መለዋወጫ የለውም።) ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልዳችሁ ሳንባችሁን አገራችሁ ሠርቶላችኋል። ሩጡ። አትሩጡ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ።

እዚህ አገር ጡረታ የማያውቅ ስፖርት አለን። ጥር 23 ቀን ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሜዳ ላይ ስትወጡ ማን ማን ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ አይታችኋል፤ ጎረምሳው አለ፣ ጢሙ የነጣውም አለ። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ "አንተ አርጅተሃልና ውረድ" ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉግሱ የፈረሰኛው ክብር እንጂ እንጀራው አይደለም፤ በዓሉ ሲያልፍ ሰውየው ወደ እርሻው ይመለሳል፣ ፈረሱም ቢሆን ሞፈር ይጠብቀዋል። እናንተ የመረጣችሁት ግን ክብሩም እንጀራውም በአንድ ጥንድ እግር ላይ የተንጠለጠለበትን መንገድ ነው።

ከሩቅ አገር አንድ ሰው ላምጣላችሁ። የካናዳ ሰዎች የሚሞቱለት ጨዋታ አይስ ሆኪ ነው። የእኛን ገና እንደ መስተዋት በለሰለሰ በረዶ ላይ አስቡት፤ ተጫዋቹ ስለት ያለው ጫማ አድርጎ ይንሸራተታል፣ በሩር ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ነው። በዚህ ጨዋታ ኬን ድራይደን የሚባል በረኛ ነበር። ቁመቱ መለሎ ነው፤ ጨዋታው ወደ ማዶ ሲሄድለት በትሩን በረዶው ላይ ያቆምና እጆቹን በጫፉ ላይ አነባብሮ፣ አገጩን አስደግፎ፣ ትኬት ቆርጦ እንደገባ ተመልካች ይቆም ነበር።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በ1971 ሞንትሪያል ካናዲየንስ የሚባለው ክለብ የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሲል አሰለፈው። ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባና የስታንሊን ዋንጫ አነሣ፤ የጥሎ ማለፉ ኮከብም እሱ ተባለ። በ1972 መስከረም ላይ ካናዳ ሶቪየት ኅብረትን ሞስኮ ላይ 6 ለ 5 ስታሸንፍ በሩ ላይ የቆመው እሱ ነበር። እንግዲህ ስሙ በአገሩ ሁሉ ሲጠራ፣ በ1973፣ ከክለቡ ጋር በክፍያ ሳይስማማ ቀረ። ሌላው ቢሆን ወይ እጁን ይሰጣል፣ ወይ ቤቱ ተቀምጦ ይብሰለሰላል። ድራይደን ግን በር እየጠበቀ ጎን ለጎን ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማር ነበርና፣ ትምህርቱን ጨርሶ ቶሮንቶ አንድ የጠበቆች ቢሮ ገባ። ያን የውድድር ዘመን በሙሉ በተለማማጅነት ሠራ። በዓመቱ ከክለቡ ጋር ተስማምቶ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ይህ ሰው ከክለቡ ጋር ሲደራደር አለመፍራቱ ከየት መጣ? ከችሎታው ብቻ አይደለም፤ ችሎታ ያላቸው የሚፈሩ ሞልተዋል። "እምቢ" ቢል የሚሄድበት ቦታ ስለነበረው ነው። ሌላ ሙያ ያለው ሰው ጠረጴዛው ላይ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል፤ የሌለው ቆሞ ይፈርማል።

ከተመለሰ በኋላ ከ1976 እስከ 1979 በተከታታይ አራት ዋንጫ በላ። በመደበኛው ውድድር 397 ጨዋታ ተጫውቶ የተሸነፈው 57 ብቻ ነው። ከዚያ በ31 ዓመቱ፣ ማንም ሳይገፋው፣ አቆመ። በ1983 ስለ ጨዋታው መጽሐፍ ጻፈ፤ ከ1997 ጀምሮ የቶሮንቶውን ሜፕል ሊፍስ በፕሬዚዳንትነት መራ፤ በ2004 ፓርላማ ገብቶ ሚኒስትር ሆነ። በ2025 በ78 ዓመቱ ሞተ፤ በረኛ ሆኖ የቆመው ስምንት የውድድር ዘመን ብቻ ነበር። ሌላውን ዕድሜ የኖረው በሌላ ሥራ ነው።

"እሱማ ካናዳዊ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደጁ ላይ ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። የእናንተስ? እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የት ነው ያለው? ደግሞም የእኛን ሰዎች እንይ። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ 5,000ው ሰዓት አምልጦት ቀረ። በ1976 አፍሪካ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ስትወጣ እሱም ሳይሮጥ ቀረ። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ስምንት ዓመት ስለጠበቀው ስለዚህ ድል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ከሞስኮ በኋላ ግን 36 ዓመት ኖሯል፤ ካናዳ ሄዶ፣ ድራይደን ክለብ በመራባት በቶሮንቶ ኖሮ፣ እዚያው በ2016 ዐረፈ። ስለ 36ቱ ዓመት የጠየቀኝ ተማሪ አንድም አላጋጠመኝም።

አበበ ቢቂላን ደግሞ ያቆመው ዕድሜ አልነበረም፤ በ1969 የደረሰበት የመኪና አደጋ ነው። ሮምንና ቶኪዮን በእግሩ ያሸነፈ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወር ተማረ፤ ኖርዌይ ሄዶም በበረዶ ላይ በተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። ጀግንነቱ ያስደንቃል። እናንተን ግን ሌላውንም አስቡ እላችኋለሁ፦ አደጋ የውል ዘመን እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ከሁሉም የሚጠቅማችሁ የኃይሌ ነው። በ2010 ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ማራቶኑን አቋርጦ ሲወጣ፣ እዚያው "አቆምኩ" አለ። ቀናት ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረና ሩጫውን በይፋ የተሰናበተው በ2015 ነው። እንግዲህ 27 ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ለማቆም ይህን ያህል ከተቸገረ እናንተማ! ልዩነቱ ግን ቃሉን የሰጠ ዕለት የሚውልበት አለማጣቱ ነው፤ ሕንፃው፣ ሆቴሉ፣ ታላቁ ሩጫው ገና እየሮጠ ሳለ የተጀመሩ ናቸው። ታላቁ ሩጫ በ2001 ሲጀመር ኃይሌ 28 ዓመቱ ነበር፤ የበርሊኑ 2:03:59 ገና ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር። ደራርቱም ሩጫውን ስታቆም ቤቷ ተቀምጣ አልቀረችም፤ ከ2018 እስከ 2024 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርታለች።

ከእናንተ ብዙው እንደነዚህ አይሆንም፤ ይህን በመደበቅ አልጠቅማችሁም። የሚቀናው በክለብ ደመወዝ ጥቂት ዓመት ይሮጣል፣ ከቻለም ውጭ አገር የጎዳና ሩጫ ላይ ሽልማት ይቃርማል። ስለዚህ 12ኛ ክፍልን ለልምምድ ብላችሁ አታቋርጡ። የልምምዱ ሰዓት ማለዳና ማታ ነው፤ መሀሉ ሰፊ ነው። ያም ባይሆንላችሁ እጅ የሚይዘው ሙያ ያዙ፦ ወጌሻነትን በትምህርት፣ አሠልጣኝነትን፣ ዳኝነትን፣ መኪና ጥገናን። የመጀመሪያዋን ሽልማት ቤት ሠርታችሁ ለዘመድ ከማሳየት፣ ትንሽም ብትሆን ገቢ የሚያመጣ ነገር ላይ ጣሏት። ዘመድ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ዕድሜያችሁን ቀንሳችሁ በወጣቶች ውድድር ለመግባት የሚያግባቧችሁ ሰዎችም ይመጣሉ። ከሐሰቱ ሌላ ጉዳቱ ይህ ነው፦ ወረቀቱ 18 ሲል ጉልበታችሁ 24 ነው፤ እናንተም ቀስ በቀስ ወረቀቱን ማመን ትጀምራላችሁ። ጊዜ አለኝ ትላላችሁ፣ የለም።

ማናጀር ውል ይዞ ሲመጣም በዚያው ቀን አትፈርሙ። ውሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፤ ከሽልማታችሁ ስንት በመቶ እንደሚወስድ፣ ብትጎዱ ማን እንደሚያሳክማችሁ፣ እንዴት እንደሚፈርስ ጠይቁ። የሚያልቅበትን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱትና ያን ጊዜ ስንት ዓመት እንደሚሞላችሁ ጎኑ ላይ በእርሳስ ጻፉት። የፓስፖርቱን አይደለም፤ እናታችሁ የምታውቀውን።