የአባት ዕዳ ለልጅ?

እርስ በርሳቸው የሚጻረሩ ሁለት አባባሎች አሉን። አንደኛው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ሁለተኛው «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይላል። የመጀመሪያው የሞተውን ከወቀሳ ነጻ ያወጣዋል፤ ሁለተኛው ገና ያልተወለደውን ተጠያቂ ያደርገዋል። በቤተሰብ ጉዳይ ሁለቱንም እንደ አመቺነታቸው እየተጠቀምንባቸው እንኖራለን። ነገሩ የሚከብደው ሟቹ አንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የአንድ አገር ሕዝብ ሲሆን፣ ዕዳውም ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ ደም ሲሆን ነው። ለመሆኑ የዛሬ ሰው አያቶቹ ስላደረጉት ነገር ምን ይጠየቃል? በአያቶቹ ላይ ስለተደረገውስ ምን ሊጠይቅ ይችላል?

ጥያቄውን በደፈናው ከማንሳት ይልቅ በአንድ አገር ታሪክ ላይ ማየቱ ይሻላል። ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ይደርሳል። በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ የዞብል ከፍታ፣ በመካከሉ ለጥ ያለው የራያ ቆላ አለ። የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ዝናቡ የማያስተማምን በመሆኑ ገበሬው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየመለሰ ማጠጣት የቆየ ልማዱ ነው። ጎርፉ ታዲያ ለም አፈር ብቻ አያመጣም፤ ድንጋይም ያመጣል። አፈሩን ለእኔ፣ ድንጋዩን ለጎረቤት ማለት አይቻልም።

የራያ ታሪክም እንደዚሁ ሁለቱንም ይዞ የመጣ ነው። ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. ራያና አዘቦ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ አምጸው ነበር። አመፁን እንዲያበርዱ የታዘዙት የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ ራሳቸው ከመንግሥት ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ወደቁ። ራያም በኋላ በጦር ኃይል ጸጥ እንዲል ተደረገ። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያችው ዕለት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ። ጣሊያን አስቀድሞ ለራያና ለአዘቦ ሰዎች ጠመንጃና ገንዘብ ሲያድል ቆይቷል። ንጉሠ ነገሥቱም ከውጊያው በፊት ባላባቶቻቸውን ጠርተው ብርና ልብስ ሰጥተዋል። ጦሩ ተሸንፎ በአሸንጌ ሐይቅና በኮረም በኩል ሲመለስ ግን ከላይ የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጭስ ሲያወርድበት፣ ከጎኑ የራያና የአዘቦ ታጣቂ ጠበቀው። የተራበ፣ የቆሰለ፣ ወደ ቤቱ ለመድረስ ብቻ የሚጣደፍ ወታደር በገዛ ወገኑ ጥይት ወደቀ። አገሩን ሊያድን ከሩቅ የመጣ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው ከነጻነት በኋላ ነው። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ ደቡብና ምሥራቅ የወያኔ አመፅ ሲነሣ ራያም ከአመፀኞቹ አንዱ ሆነ። የአስተዳዳሪዎች በደልና የግብር አሰባሰቡ ሕዝቡን አማርሮት ነበር። መንግሥት አመፁን ለመደምሰስ የእንግሊዝን እርዳታ ጠየቀ። በ1936 ዓ.ም. መግቢያ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። አመፁ ከከሸፈ በኋላም ቅጣቱ ከባድ ሆነ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ስለ ገበሬዎች አመፅ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት ከሁሉ የበረታው ቅጣት የደረሰው በራያና በአዘቦ ላይ ነው፤ መሬታቸው በጅምላ ተወረሰ። ያመፀውም ያላመፀውም፣ የአመፀኛው ሕፃን ልጅም፣ ከአንድ አገር በመወለዱ ብቻ ቅጣቱን አብሮ ተቀበለ። ከማይጨው ሰባት ዓመት በኋላ፣ በሰማይ የባዕድ አውሮፕላን እያንዣበበ፣ በዳይና ተበዳይ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቶሎ ወደ አንዱ ወገን ያደላል። የራያ ወዳጅ የ1928ቱን ሲያነሡበት፣ «መንግሥት ለራያ ምን ነበርና ነው? ዘመቻ ልኮ ከብቱን የነዳ፣ ቤቱን ያቃጠለ ኃይል አይደለም?» ይላል። የመንግሥት ወዳጅ ደግሞ የ1936ቱን ሲያነሡበት፣ «ማይጨው ላይ ያደረጉትስ?» ይላል። ሁለቱም የሚያቀርቡት ምክንያት ውሸት አይደለም። ዳሩ ግን አንድ ድርጊት ለምን እንደተፈጸመ ማስረዳት ሌላ፣ ድርጊቱን ትክክል ማድረግ ሌላ ነው። ዘመቻ የላከው ሹም ቂም አትርፏል፤ ቂሙ ግን በአሸንጌ መንገድ የወደቀውን ወታደር ጥፋተኛ አያደርገውም። ወታደሩን የገደለው ታጣቂም በደለኛ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሰባት ዓመት በኋላ የሌላ ገበሬ መሬት እንዲወረስ ፈቃድ አይሰጥም።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ ያለ እንዳይመስለን ራቅ ያለ ምሳሌ እንይ። በካናዳ ምዕራብ፣ ሰፊ የስንዴ ሜዳ ላይ፣ ማኒቶባ የምትባል ክፍለ ሀገር አለች። በ1870 እ.ኤ.አ. ስትቋቋም በስፍራው ይኖሩ ከነበሩት አብዛኞቹ ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለዱ ሜቲስ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። አገራቸው ሳይጠየቁ ለካናዳ መንግሥት መተላለፉን ተቃውመው በሉዊ ሪኤል መሪነት ተነሡ። የሪኤል ጊዜያዊ አስተዳደር ቶማስ ስኮት የተባለውን ተቃዋሚ በጥይት አስገደለ፤ ይህም በታሪኩ ላይ የቀረ ደም ነው። መንግሥት በበኩሉ ለሜቲስ ልጆች 1.4 ሚሊዮን ኤከር መሬት እንደሚሰጥ በሕግ ቃል ገባ። አሰጣጡ ግን ተጓተተ፤ በመካከሉም ብዙዎቹ አገሩን ለቀው ወደ ምዕራብ ሄዱ። ሪኤል በ1885 እ.ኤ.አ. ዛሬ ሳስካችዋን በምትባለው ክፍለ ሀገር ሌላ አመፅ መርቶ ተሸነፈ፤ በአገር ክህደት ተፈርዶበትም ተሰቀለ። ማኒቶባ ግን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሙ በዓል ታከብራለች።

ከበዓሉ ይልቅ የሚያስተምረን ከ5 ዓመት በኋላ የሆነው ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ መንግሥት የመሬቱን ቃል ክብሩ በሚጠይቀው መንገድ አልፈጸመም አለ። ቃሉ ከተገባ 143 ዓመት አልፎታል። ቃል የገቡትም የተገባላቸውም በሕይወት የሉም። ፍርድ ቤቱ ዛሬ በዚያ ሜዳ ስንዴ የሚዘራውን ገበሬ ጥፋተኛ አላለም፤ መሬቱን ከእጁ ነጥቃችሁ ስጡም አላለም። ያለው፣ መንግሥት እንደ ሰው ስለማይሞት ቃሉም አብሮት ይኖራል ነው።

በእኔ እምነት ከላይ ላነሣነው ጥያቄ መልስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጥፋት ከአጥፊው ጋር ይቀበራል፤ ለልጅ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ስምና ጥቅም ነው፤ የማስታወስ ግዴታም አብሯቸው ይመጣል። የቆቦ ወጣት «በ1936 መሬታችን ተወረሰ፣ እኛ ተበድለናል» ሲል ማንም ሊከለክለው አይገባም። ነገር ግን ያቺ «እኛ» የምትባለው ቃል ለመበደል ብቻ የምትሠራ፣ ለመበደያችን ቀን የምትታጠፍ መሆን የለባትም። በ1936 «እኛ» ያለ ሰው በ1928 «እነሱ» ሊል አይችልም። በሌላ በኩል «አገሪቱን ያቆምናት እኛ ነን» የሚለውም በሌላ አገር አውሮፕላን የገዛ ከተማውን ያስደበደበውን «እኛ» አብሮ መቀበል አለበት።

ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ራያ በ1984 ዓ.ም. በተቋቋሙት ክልሎች ለሁለት ተከፍሎ ቆቦ በአማራ፣ አላማጣና ኮረም በትግራይ ሥር ሆኑ። የወሰኑ ክርክር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት ጋር ደም ለበሰ። በጳጉሜን ወር 2013 ዓ.ም. በቆቦና በአካባቢዋ የትግራይ ኃይሎች ሲቪሎችን መግደላቸውን ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። የሞቱት ሰዎች አያቶቻቸው ማን እንደነበሩ፣ መሬቱ በየትኛው ንጉሥ ዘመን ወደ የትኛው ጠቅላይ ግዛት እንደተካለለ፣ ለሞታቸው ምክንያት ሊሆን አይችልም። በሌላው ወገን በማንነቱ ብቻ ከቤቱ ለተፈናቀለው ሰውም ሚዛኑ ያው ነው። የ1935ቱ አመፅ ማግሥት የጅምላ ቅጣት፣ ሕዝብን እንደ አንድ ጥፋተኛ ሰው የመቁጠሩ ልማድ፣ መንግሥታት ተለዋውጠውም አልለቀቀንም።

እንግዲህ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው ሰው ግማሽ እውነት ይዟል፤ ሙታንን ቆሞ መክሰስ ክብር የለውም። ያደረጉትን መናገር ግን መክሰስ አይደለም። ለቆቦ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ተወረሰው መሬት ብቻ ነግሮ ስለ አሸንጌ መንገድ ዝም ማለት ልጁን ማዘን እንጂ ማሰብ አያስተምረውም። ስለ አሸንጌ መንገድ ብቻ ነግሮ ስለ ተወረሰው መሬት ዝም ማለት ደግሞ ያሳፍረዋል፤ ያፈረ ሰው ውሎ አድሮ ቂም ይይዛል። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ልጅ ግን ነገ ሌላው ወገን በደሉን ሲነግረው ለመስማት ጆሮ ይኖረዋል። ሌላውን ወገን ለማሳመን ከመነሣታችን በፊት ይህን በየቤታችን ለመሞከር የሚከለክለን ምን እንደሆነ አንባቢ ያስብበት።