በሰው ሣር ላይ ቸርነት

ባለፈው ጉባኤያችን አንዲት እኅት "የአሠሪን ንብረት ለተቸገረ መስጠት ጽድቅ ነው ወይስ ኃጢአት?" ብላ ጠይቃ ሳንስማማ ተለያየን። እኔ የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ሳልናገር ወጣሁ። የምለው ግን ነበረኝ።

ሻርጃ ውስጥ የሕንፃ ዘበኛ ነኝ። አገር ቤትም ዘበኛ ነበርኩ፤ የጠበቅሁት ግን ሣርና ዋልያ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ቱሪስት በሚበዛባቸው የበጋ ወራት ስካውት ሆኜ ሠርቻለሁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ግጦሹና እርሻው እየገፋ ዋልያው ስላነሰ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያ በዱር የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ በጣም ተመናምኗል።

አንድ የካቲት፣ ከሳንካበር ወደ ግጭ በሚወስደው በኩል ሲመሽ ስዞር የእናቴን ጎረቤት አገኘኋቸው። የከሳች ላማቸውን የተከለከለው ሣር ላይ ለቀዋታል። "እናቴ፣ ይመልሷት" ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና "አንተ ልጅ፣ ያሳደገህ ዋልያው ነው እኔ?" አሉኝ። አፈርኩ። ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። በሳምንቱ እዚያው ቦታ ሰባት ላም አገኘሁ። የእሳቸውን አሳልፌ የሌላውን በምን አፌ ልመልስ? ወሩ ሳያልቅ ቦታው አፈር ብቻ ሆነ። ላሚቱም እንደከሳች ተሸጠች።

ብዙ ጊዜ "ርኅራኄ ነው ያደረግኩት" እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። አሁን ግን እንዲህ ይመስለኛል፦ የሰጠሁት ሣር የእኔ ስላልሆነ ምንም አልጎደለብኝም። ኪሴ ውስጥ ግን ገንዘብ ነበረኝ፤ ለአንድ ሸክም ገለባ ይበቃ ነበር። እሱን አላሰብኩትም። ከሰው ንብረት ላይ ደግ መሆን ቀላል ነው፤ ምስጋናው ለእኔ፣ ጉዳቱ ለሌላ።

"ሕጉ ራሱ ድሃውን የሚጎዳ ቢሆንስ?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። የግጭ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 መንደራቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ለዋልያ ሲባል ሰው ምን ያህል ይክፈል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግን "ይህ ሕግ ከብዷል" ብሎ በቀን ለአለቃ መናገር አንድ ነገር ነው፤ በማታ ፊትን ማዞር ሌላ ነው። እኔ የማያስከፍለኝን መረጥኩ።

አምና አንድ ሥራ ያጣ የአገራችን ልጅ፣ የምጠብቀው ሕንፃ ላይ ባዶ ክፍል እንዳለ ሰምቶ "አንድ ወር አሳድረኝ፣ ማን ያያል?" አለኝ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ያቺ ላም ትዝ አለችኝ። ቁልፉን ከልክዬ፣ የክፍል ጓደኞቼን አስፈቅጄ፣ አጅማን ያለችውን አልጋዬን ሰጠሁት። እኔ ሌሊት ስለምሠራ ባዶዋን ነው የምታድረው። በዕረፍት ቀኔ ግን መሬት ላይ ተኛሁ፤ ወገቤንም አመመኝ። ያኔ ነው ልዩነቱ የገባኝ።

እኅቴ፣ የእኔ መልስ ይኼ ነው፦ ከመስጠቴ በፊት "ከእኔ ምን ይጎድላል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ምንም ካልጎደለብኝ፣ የሰጠሁት የሌላውን ነው። የምሰጠው አልጋ እንኳ ባይኖረኝስ? እሱን በሚቀጥለው ጉባኤ አብረን እንነጋገርበት።

ቸር ይግጠመን።